የሰዓት ምት ከመሣሪያው ወደ ፕሮግራሙ ስለሚያልፍበት በር፤ በጅጅጋና በአይሻ ምሳሌነት የቀረበ

በጅጅጋ ከተማ አንድ ሰው የእጅ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲል ወደ ውጭ ወጥቶ ጥላውን ቢመለከት፥ በዓመቱ አብዛኛው ቀን ፀሐይ ገና መሐል ሰማይ ላይ እንዳልደረሰች ያያል። ይህ የሆነው ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም። አገራችን የምትሠራበት ሰዓት የተወሰነው በ45ኛው ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ልክ ነው፤ ጅጅጋ ግን በ42 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ አካባቢ ስለምትገኝ፥ ፀሐይ ወደ እርሷ የምትደርሰው በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። በድሬ ዳዋ መዘግየቱ ወደ 12 ደቂቃ ተኩል፥ በአዲስ አበባ ወደ 25 ደቂቃ ይሆናል። (በጥቅምት ወርና በኅዳር መግቢያ ፀሐይ ራሷ ከአማካይዋ ስለምትቀድም የጅጅጋው ነገር ይገለበጣል፤ ይህን ግን ለሥነ ፈለክ ተማሪዎች እንተወዋለን።)

በዚያው ከተማ አንዱ ነጋዴ ሌላውን «ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ሲለው፥ የአውሮፕላን ቲኬት ያንኑ ጊዜ 8 ብሎ ይጽፈዋል። የኢትዮጵያ፥ የአውሮፓና የሂጅራ ዘመን አቆጣጠሮችም በአንድ ከተማ አብረው ይኖራሉ። ሰው ይህን ሁሉ በልቡ እያስታረቀ ስለሚኖር አይቸገርም፤ መኪና ግን ይቸገራል። ስለዚህ ከመነሻው ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልገናል፤ አንደኛው ቅጽበቱ ነው፥ ሁለተኛው ለቅጽበቱ የምንሰጠው ስም ነው። ስሙ የሰዎች ስምምነት ነው። ቅጽበቱ ግን የማንንም ስምምነት አይጠብቅም።

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንፈልገው፥ ከኮምፒዩተር ውጭ የተፈጠረ የሰዓት ምት ወደ ውስጥ ገብቶ ከፕሮግራም እጅ እስኪደርስ ድረስ በምን በር እንደሚያልፍ፥ በሩም እንዴት ቢታነጽ መልካም እንደሚሆን ነው። በሩ የሚገኘው ከርነል በሚባለው የሥርዓተ ክወናው እምብርት ውስጥ ነው፤ በረኛው ድራይቨር ይባላል። ለምሳሌነት የምንወስደው ሊኑክስን ነው። የመረጥንበትም ምክንያት የፕሮግራሙ ጽሑፍ ክፍት ስለሆነ የምንለውን ሁሉ ማንም ተማሪ ገልጦ ሊያረጋግጠው ስለሚችል ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አስቀድመን አንድ ጉዳይ እናንሣ። ከጅጅጋ በስተሰሜን፥ በሲቲ ዞን፥ ሽንሌን፥ አዲጋላን፥ አይሻንና ደወሌን የያዘው ሰፊ ቆላ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ዳዋ የደረሰው የቀድሞው የምድር ባቡር ያለፈው በዚሁ ነው፤ በ2018 የንግድ ሥራ የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ2011 አንሥቶ ኢትዮጵያ ለጅቡቲ ኃይል የምታቀርብበት የ230 ኪሎ ቮልት መሥመር ከድሬ ዳዋ ተነሥቶ ይህንኑ አገር ያቋርጣል። 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተወጠነው የአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫም በዚሁ ቆላ ነው።

እንዲህ ባለ ረጅም መሥመር ላይ አንድ ስፍራ መብረቅ ቢመታው ወይም ሽቦው ቢበጠስ፥ ብልሽቱ ከደረሰበት ቦታ ሁለት ሞገዶች ተነሥተው ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሮጣሉ። ፍጥነታቸው ከብርሃን ፍጥነት ብዙ አያንስም፤ በአንድ ማይክሮ ሴኮንድ 300 ሜትር ያህል ይሄዳሉ። በሁለቱ ጫፎች ላይ ሞገዱ የደረሰበትን ቅጽበት የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ቆመዋል ብለን እናስብ። የሁለቱ ቅጽበቶች ልዩነት በሞገዱ ፍጥነት ተባዝቶ ለሁለት ሲከፈል፥ ብልሽቱ ከመሥመሩ አጋማሽ ምን ያህል እንደራቀ ይታወቃል። ስሌቱ ይኸው ብቻ ነው። ጭንቁ ያለው በሰዓቶቹ ላይ ነው። ሁለቱ ሰዓቶች በአንድ ማይክሮ ሴኮንድ ቢለያዩ ስሕተቱ 150 ሜትር ይሆናል፤ ሠራተኛው ከምሰሶው ሥር ቆሞ ቀና ቢል ብልሽቱን ያየዋል ማለት ነው። በ20 ማይክሮ ሴኮንድ ቢለያዩ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአይሻ ሐሩር 3 ኪሎ ሜትር ወዲያና 3 ኪሎ ሜትር ወዲህ ምሰሶ እየቆጠሩ መሄድ ቀላል አይደለም። በአንድ ሚሊ ሴኮንድ ቢለያዩ ግን ስሕተቱ 150 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ከነጭራሹ ባይለኩት ይሻላል።

እንግዲህ ማይክሮ ሴኮንዱ ከየት ይመጣል? ወዴትስ ይጠፋል?

በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ሰዓት በመሠረቱ የኳርትዝ ቁራጭና ቆጣሪ ነው። ኳርትዙ ይርገበገባል፤ ቆጣሪው ይቆጥራል። ኃይል ሲቋረጥ ቀኑን እንዲያስታውስ በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ሰዓት በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ኳርትዝ አለው። ይህ ኳርትዝ አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለበት። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በደንብ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይዘገያል፥ ከዚያ በታች ሲበርድም ያው ይዘገያል። የመዘግየቱ መጠን የሙቀቱ ልዩነት በራሱ ተባዝቶ በ0.034 ሲባዛ ከሚሊዮን የሚገኘው እጅ ነው። ስለዚህ በአይሻ በ40 ዲግሪ ሙቀት የዋለ ሰዓትና በጅጅጋ ደጋ በ10 ዲግሪ ብርድ ያደረ ሰዓት ሁለቱም እኩል፥ ከሚሊዮን ወደ 7.65 እጅ፥ ይዘገያሉ፤ በቀን ሁለት ሦስተኛ ሴኮንድ መሆኑ ነው። ማይክሮ ሴኮንድ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሰዓት አይረባውም። ከውጭ የሚመጣ አራሚ ያስፈልገዋል።

አራሚው ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የጂ.ፒ.ኤስ. ተቀባይ ነው። ተቀባዩ ሁለት ነገር ያወጣል። በአንድ ሽቦ በየሴኮንዱ መባቻ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል፤ የምቱ ትክክለኛነት በአሥር ናኖ ሴኮንዶች የሚቆጠር ነው። በሌላው ሽቦ ደግሞ «ይህ ሴኮንድ እንዲህ የሚባል ነው» የሚል ጽሑፍ ይልካል፤ ጽሑፉ የሚደርሰው ግን ሴኮንዱ ከገባ በኋላ ከሴኮንድ ብዙ አሥረኛ እጅ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። በቀድሞው ዘመን አዋጅ ሲነገር እንደነበረው ነው፤ መጀመሪያ ነጋሪቱ ይጎሰማል፥ ቀጥሎ የአዋጁ ቃል ይነበባል። ነጋሪቱ ቃል የለውም፤ ቃሉም እንደ ነጋሪቱ ምት ስለታም አይደለም። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። የመጀመሪያው የንድፍ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ከርነሉ ሁለቱንም ይቀበል ወይስ ምቱን ብቻ?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 2783 የተባለው ደንብ ምቱን ብቻ የሚለውን መረጠ። ከርነሉ ምቱ የደረሰበትን ቅጽበትና የምቱን ተራ ቁጥር ይመዝግብ፤ ምቱ የየትኛው ሴኮንድ እንደሆነ መወሰን የላይኛው ፕሮግራም ሥራ ይሁን ይላል። በእኛ አስተያየት ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው። የተቀባዮች ቋንቋ እንደ ፋብሪካው ብዛት ልዩ ልዩ ነው፤ ያንን ሁሉ ከርነል ውስጥ ማስገባት በረኛውን አስተርጓሚ ማድረግ ይሆናል። ተራ ቁጥሩም እንዲሁ የተጨመረ አይደለም። ፕሮግራሙ 41ኛውን አንብቦ ቀጥሎ 43ኛውን ቢያገኝ አንድ ምት እንዳመለጠው ያውቃል። ሊኑክስ ይህን መንገድ የሮዶልፎ ጆሜቲ ሥራ በሆነው ፒ.ፒ.ኤስ. በተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2009 ተቀበለ።

ነገር ግን በዚህ መንገድ ቅጽበቱን የሚያነበው ማን ነው? ምቱ ሲደርስ ለአንጎለ ኮምፒዩተሩ «ሥራህን አቋርጥ» የሚል ጥሪ ይደርሰዋል፤ ይህ ኢንተራፕት ይባላል። ድራይቨሩ ተጠርቶ በመጀመሪያ መሥመሩ ላይ ሰዓቱን ያነባል። በጥሪውና በንባቡ መካከል ግን ጊዜ ያልፋል። አንጎሉ ኃይል ለመቆጠብ አንቀላፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሌላ ጥሪ እያስተናገደ ለጊዜው ጆሮውን ደፍኖ ሊሆን ይችላል። መዘግየቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ቀንሰን በተገላገልን ነበር። የሚያስቸግረው አንዴ 3 ማይክሮ ሴኮንድ፥ አንዴ 20፥ አንዴም ከዚያ በላይ መሆኑ ነው። ከላይ የተናገርነው 3 ኪሎ ሜትር የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ንባቡን ከሰው ሠራሽ ጽሑፍ አውጥቶ ለሃርድዌሩ መስጠት ነው። ብዙ የኔትወርክ ካርዶች የራሳቸው ቆጣሪና የምት መግቢያ እግር አላቸው። ምቱ እግሩን ሲነካው ሃርድዌሩ የቆጣሪውን ቁጥር በዚያው ቅጽበት ወደ አንድ ሪጅስተር ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ ቢዘገይም ጉዳት የለውም፤ ቁጥሩ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሪቻርድ ኮክራን ያዘጋጀው ፒ.ቲ.ፒ. የሃርድዌር ሰዓት የተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 ከሊኑክስ 3.0 ጋር የወጣው በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስሙን ያገኘው በኔትወርክ ሰዓት ከሚያስተካክለው ከአይ.ትሪፕል.ኢ. 1588 ደንብ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከዚያ ይሰፋል።

የበሩ አሠራር እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የሃርድዌር ሰዓት በሥርዓቱ ውስጥ እንደ አንድ ፋይል ይታያል። ድራይቨር ጸሐፊው አንድ ሰንጠረዥ ይሞላል፤ በሰንጠረዡ ላይ ሰዓቱን ለማንበብ፥ ለመሙላት፥ በተወሰነ መጠን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ለማንሸራተት፥ ፍጥነቱን ለመግራት፥ እንዲሁም ምት ለመቀበልና ለማውጣት የሚያገለግሉት ተግባራት ይመዘገባሉ። ከዚህ በኋላ የላይኛው ፕሮግራም የካርዱን ፋብሪካ ማወቅ አያሻውም። ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚሠራበት ፍጥነት መግሪያው ነው። የዘገየን ሰዓት በአንዴ ገፍቶ ማስተካከል ይቻላል፤ የቀደመን ሰዓት በአንዴ ወደ ኋላ መመለስ ግን አንድን ቅጽበት ሁለት ጊዜ መኖር ነው፤ በኋላ የሆነው ነገር በመዝገብ ላይ በፊት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፈረስን በልጓም እንደመያዝ ቀስ በቀስ ያዘገዩታል ወይም ያፈጥኑታል። በመጀመሪያው ንድፍ የመግሪያው ትንሹ መለኪያ ከቢሊዮን አንድ እጅ ነበረ። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ሆኖም በቀን 86.4 ማይክሮ ሴኮንድ ነው፥ በእኛ መሥመር ላይ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ይመነዘራል። በኋላ መለኪያው ከሚሊዮን አንዱን እጅ በ65,536 የሚከፍል ሆነ።

እዚህ ላይ በራሳችን የደረሰውን ብንናገር ለጓደኞቻችን ይጠቅማል። አንድ ትንሽ የጂ.ፒ.ኤስ. ተቀባይ ከአንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ጋር አያይዘን ሰዓቱን ከኔትወርኩ ሰዓት ጋር ስናስተያየው ሁልጊዜ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ልዩነት ነበረው። ሽቦውን ለወጥን፤ አንቴናውን ከመስኮት ወደ ጣሪያ አወጣን፤ በመጨረሻም ኔትወርኩን መክሰስ ጀመርን። ጥፋቱ የራሳችን ነበረ። ከተቀባዩ የሚወጣው ምት 100 ሚሊ ሴኮንድ ስፋት አለው፤ ሴኮንዱን የሚያመለክተው ምቱ ሲነሣ ነው፥ እኛ ግን ሲወድቅ እንዲመዘገብ አዝዘን ነበር። ያታለለን ስሕተቱ እጅግ የረጋ መሆኑ ነው። የሚዋዥቅ ሰዓት ያስጠረጥራል፤ ረግቶ የሚሳሳት ግን ይታመናል። በመሥመሩ በአንደኛው ጫፍ ብቻ እንዲህ ያለ ጥፋት ቢፈጸም ስሌቱ 15,000 ኪሎ ሜትር ይስታል፤ ከምድር ወገብ ላይ አንዱን ጎን ቢበሱ ወደ ሌላው ከሚያስወጣው ይበልጣል። በሁለቱም ጫፎች ቢፈጸም ደግሞ ስሕተቱ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ማንም ሳያውቀው ይቀር ነበር!

ሲነሣ ወይስ ሲወድቅ የሚለው ጥያቄ የሊኑክስ ሠሪዎችንም አስቸግሯቸው ነበር። በፒ.ቲ.ፒ. በር ላይ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን የሚገልጽበት ምልክት ከመጀመሪያው ተሰጥቶታል። ሆኖም አንዳንድ ድራይቨሮች ሃርድዌራቸው ባይችለውም ምልክቱን በዝምታ አልፈው «እሺ» ይሉ ነበር። ሁለተኛም ጉድለት ተገኘ። በትእዛዙ ላይ ለወደፊት ተብለው ባዶ የተተዉ ቦታዎች ነበሩ፤ ከርነሉ ግን በእርግጥ ባዶ መሆናቸውን አይመረምርም ነበር። አሮጌ ፕሮግራሞች በዚያ ቦታ ማንኛውንም ውዳቂ ቁጥር ትተውበት ሊሆን ስለሚችል፥ በኋላ ለቦታው ትርጉም መስጠት የማይቻል ሆነ። በከርነል ዘንድ ደግሞ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ ቀድሞ ይሠራ የነበረን ፕሮግራም ማበላሸት አይፈቀድም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 አሮጌዎቹን ትእዛዞች እንዳሉ ትተው ከጎናቸው ሁለተኛ ትእዛዞችን አቆሙ። እነዚህ ባዶ መሆን ያለበትን ይመረምራሉ፤ ቀጥሎም ጥብቅ የሚባለው ምልክት ተጨመረና ድራይቨሩ የማይችለውን እንዲፈጽም ሲታዘዝ «አልችልም» ብሎ እንዲመልስ ተደረገ። በንድፍ ትምህርት ላይ ይህን ያህል የሚያስተምር ታሪክ ብዙ አላገኘንም። በዝምታ የተቀበለ በር ከዘጋ በር የከፋ ነው።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ሰዓቶች መኖራቸው ነው፤ አንዱ የካርዱ፥ ሁለተኛው የሥርዓቱ። ሁለቱን ለማስተያየት አንዱን አንብቦ ወዲያው ሌላውን ማንበብ አይበቃም፤ በሁለቱ ንባቦች መካከል ጊዜ ያልፋልና። ከርነሉ የሚያደርገው የሥርዓቱን ሰዓት ማንበብ፥ የካርዱን ማንበብ፥ እንደገና የሥርዓቱን ማንበብ ነው። የካርዱ ንባብ በሁለቱ መካከል ስለተያዘ ስሕተቱ ከሁለቱ ልዩነት ግማሽ አይበልጥም። ደስ የሚያሰኘው ከርነሉ አማካዩን ብቻ አውጥቶ አለመስጠቱ ነው፤ ሦስቱንም ቁጥሮች ይሰጣል። ፕሮግራሙ ደጋግሞ ጠይቆ ጠባቡን ይመርጣል፥ ሰፊውን ይጥላል።

አሁን ወደ ስም እንመለስ። የሃርድዌር ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ታይ በሚባለው በዓለም አቀፉ የአቶም ሰዓት ነው፤ ይህ ለሕዝብ ከሚታወጀው ዩ.ቲ.ሲ. ከተባለው ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በ37 ሴኮንድ ይቀድማል። ልዩነቱ የመጣው ምድር በዝግታ ስለምትሽከረከር አልፎ አልፎ በሚጨመረው ሴኮንድ ነው። ይህ ጭማሪ የስም ጉዳይ ሆኖ ሳለ ከርነል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርስ በ2004 ዓ.ም. ታይቷል። ለሰኔ 24 ቀን አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፥ በዩ.ቲ.ሲ. እኩለ ሌሊት፥ አንድ ሴኮንድ ሲጨመር በሊኑክስ ውስጥ የነበረ ስሕተት ተነሥቶ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮምፒዩተሮች ያለ ሥራ ፋታ አጥተው ተጨነቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም የሚዛንና የመለኪያ ጉባኤ ይህ የሴኮንድ ጭማሪ እስከ 2035 ባለው ጊዜ እንዲቀር ወስኗል። የእኛ ከጧቱ 12 ሰዓት የሚጀምረው አቆጣጠር ግን አንድም ቀን ከርነልን አስቸግሮ አያውቅም፤ ከላይኛው ፎቅ ስለሚጨመርና ስለሚቀነስ ወደ ታች አይወርድም። 37ቱ ሴኮንዶችም ቢሆኑ ቦታቸው እዚያው ነው እንላለን።

አንድ ያልተዘጋ ነገር ይቀራል። የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት ሲቋረጥ ሰዓቱ በራሱ ኳርትዝ ይቀጥላል። ጥሩ ኳርትዝ ከቢሊዮን አንድ እጅ ብቻ ቢስት በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ማይክሮ ሴኮንድ ይሆናል፤ ይህም 540 ሜትር ነው። ተራው ኳርትዝ ከሚሊዮን አንድ እጅ ቢስት ግን በየሴኮንዱ 150 ሜትር እየጨመረ ይሄዳል። ከርነሉ ለፕሮግራሙ የሚሰጠው መዝገብ ሴኮንድንና ናኖ ሴኮንድን፥ የመግቢያውንም ቁጥር ይዟል፤ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚታመን የሚገልጽበት ቦታ ግን የለውም። አራሚ ያለው ሰዓትና አራሚውን ከትናንት ጀምሮ ያጣ ሰዓት እኩል በዘጠኝ አኃዝ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከወጣው ሊኑክስ 6.7 ጋር የመጣው ዲ.ፒ.ኤል.ኤል. የተባለው ክፍል ሰዓቱ ከአራሚው ጋር ተቆላልፏል፥ ተለቅቋል ወይስ በትዝታ እየሄደ ነው የሚለውን ያስታውቃል። ነገር ግን ይህ ወሬ የሚመጣው በሌላ በር ነው፤ ከምቱ መዝገብ ጋር አንድ ላይ አይታሰርም። ፕሮግራሙ ሁለቱን በራሱ ማገጣጠም አለበት፤ ሲያገጣጥምም ምቱ የተመዘገበው ሰዓቱ ከመለቀቁ በፊት ይሁን በኋላ እንደገና ማጣራት ይኖርበታል። ከደወሌ በኩል ያለው ሰዓት ሌሊቱን በትዝታ ሄዶ እንደሆነ፥ ጧት መኪናውን አስነሥቶ ወደ መሥመሩ የሚወጣው ሠራተኛ ከእጁ የሚገባው ወረቀት ላይ ከርቀቱ ቁጥር ጎን የጥርጣሬው ስፋትም መጻፍ አለበት። ለዚህ በመዝገቡ ላይ የቀሩት ሁለት ባዶ ቦታዎች ይበቁ እንደሆነ መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን እንዲመረምሩት እንጠይቃለን።